እራፊ የጻፈው ታሪክ

ያረጀ ወይም የተቆረጠ ጨርቅን ለመጥራት አማርኛ የቃል ድህነት የለበትም። እራፊ አለ፤ ብጣሽ አለ፤ ቅዳጅ አለ፤ ቡትቶ አለ፤ ድሪቶ አለ። ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርድ ውራጅ ይባላል። ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ ሲመጣ ሳልባጅ ይሆናል። እነዚህ ቃላት ላይ ላዩን ሲታዩ ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማዕረግ አላቸው። ብጣሽ ከሙሉ ጨርቅ ላይ የተረፈ ነውና ገና ያልተለበሰ ሊሆን ይችላል። ቡትቶ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አፈር መሆን ብቻ ነው። ድሪቶ ግን ከሁሉም ይለያል። እራፊ በእራፊ ላይ ተደርቶ እንደገና ልብስ የሆነ ነውና ሞቶ የተነሣ ጨርቅ ልንለው እንችላለን።

ቋንቋው በዚህ በኩል የበለጸገው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥጥ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ አንድ ጋቢ እስኪወጣው ድረስ የሚፈጀውን ጉልበት የሚያውቅ ሰው ጨርቅ አይጥልም። ጋቢው ሲሳሳ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። ሲቀደድ ለቁስል ማሰሪያ፣ ለጋን አፍ መክደኛ፣ ለምጣድ ማሰሻ፣ ለኩራዝ ክር ይውላል። ከልጆች እጅ የገባ እንደሆነ ደግሞ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ ኳስ ይሆንና የሰፈር መስኮት ይሰብራል። ይህን ሁሉ አብዛኞቻችን ከቤታችን እናውቀዋለን።

የዛሬው ጉዳዬ ግን የቤት እራፊ አይደለም። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ እራፊ አለ። እሱም በብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ አንዳንዴ ለመቶዎች ዓመታት የኖረው ቁራጭ ጨርቅ ነው። እዚያ ያስቀመጡት ደጓሾች ታሪክ እንጽፋለን ብለው አልነበረም፤ ያላቸውን ቁራጭ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው በጥበብ ተጠቀሙበት እንጂ። ይሁንና ከአገራችን የውጭ ንግድ መዛግብት መካከል አንዱ ይኸው የደጓሾች እራፊ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። የሚያሳዝነው ይህ መዝገብ ገና በቅጡ ሳይነበብ እየጠፋ መሆኑ ነው።

የጨርቅ ግምጃ ቤት

የነገሥታቱ ሀብት ማከማቻ «ግምጃ ቤት» ይባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ግምጃ ማለት ግን ወርቅም ብርም አይደለም። ከሐር የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም በወርቀ ዘቦ የተጌጠ የከበረ ጨርቅ ነው። እንግዲህ ግምጃ ቤት በቃሉ ፍቺ የጨርቅ ቤት ነው ማለት ነው። መንግሥት ከባንኮች የሚበደርበት «የግምጃ ቤት ሰነድ» እንኳ ሳይቀር ስሙን የወረሰው ከጨርቅ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ለምን ጨርቅ ሆነ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። የነገሥታቱ መቀመጫ ለረጅም ዘመን ተንቀሳቃሽ ድንኳን ነበር። ጨርቅ ይታጠፋል፤ በበቅሎ ይጫናል፤ ሲወድቅ አይሰበርም፤ በተፈለገው መጠን ይቆረጣል። ሁለተኛው ምክንያት ጨርቅ ማዕረግ መሆኑ ነው። ሹም ሲሾም ይለብሳል፤ ጀግና ሲሸለም ይለብሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል መጋረጃና ልብሰ ተክህኖ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ደግሞ ግምጃው፣ ከፋዩና ሐሩ በአብዛኛው ከሩቅ አገር የሚመጣ በመሆኑ ከሩቁ ዓለም ጋር መገናኘትን የሚያስመሰክር ዕቃ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ በአብያተ ክርስቲያናትና በንጉሡ ሰፈር ስላያቸው ግምጃዎችና ሐሮች ደጋግሞ ይናገራል። ማናደለይ ብሎ በሚጠራው የትግራይ ገበያም ከሕንድና ከካይሮ ጭምር የመጡ ነጋዴዎችና ሸቀጦች ይገኙ እንደነበር ጽፏል። የመጡበት መልእክት ራሱ ለአፄ ልብነ ድንግል ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል፣ ከሰይፉ፣ ከጥሩሩና ከኦርጋኑ ጋር፣ ሥዕል የተሸመነባቸው አራት የግድግዳ መጋረጃዎች ነበሩበት። ጨርቅ ከነገሥታት ለነገሥታት የሚላክ መልእክት ነበር።

መንገዱ ብዙ ነው። የጉጅራት ጥጥና ሐር በሕንድ ውቅያኖስ አቋርጦ በምጽዋና በዘይላ ይገባል። የቱርክና የግብፅ ከፋይ በቀይ ባሕር ይወርዳል። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች አበባ ያተሙበት ቺት ይመጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ ላይ ደግሞ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣው አቡጀዲ ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ይህን ሁሉ ጭነት የሚዘረዝር የጉምሩክ መዝገብ ለአብዛኛው ዘመን የለንም። ነጋዴዎቹ አልጻፉልንም፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹም ከዘመቻና ከግዞት ፊታቸውን መልሰው የቺት ዋጋ የሚመዘግቡ ሰዎች አልነበሩም።

ጨርቁ ራሱ ግን ወደ አንድ ቦታ ሄዷል። የመኳንንቱ ካባ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲሳል ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። እዚያም ልብሰ ተክህኖ፣ መጋረጃ ወይም የንዋየ ቅድሳት መሸፈኛ ሆኖ ያገለግላል። ሲያረጅ እንደ ተራ ቡትቶ አይጣልም፤ የከበረ ቦታ የዋለ ነውና። ክርኑና ጠርዙ ቢያልቅም መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ጤነኛ ቁራጭ አይጠፋበትም። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ለምን ይሆናል? ለመጽሐፍ ይሆናል።

ደጓሹና ቁራጩ

የብራና መጽሐፍ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ብራናው ተፍቆ፣ ተሰምሮና ተጽፎ ካበቃ በኋላ ቅጠሎቹ በጥራዝ በጥራዝ ይደራጃሉ። ከዚያም ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ ይደረግላቸዋል። መስፊያው ክር በገበታዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ እያለፈ ጥራዞቹን ከገበታዎቹ ጋር ያያይዛል። የተሻለ አቅም ያለው አሠሪ ደግሞ ገበታው በቆዳ እንዲለብስ ያዝዛል። ደጓሹ ቆዳውን አርሶ ገበታው ላይ ይወጥረዋል፤ ጠርዙንም ወደ ውስጥ አጥፎ ያጣብቀዋል፤ በጋለ ብረትም መስቀልና ሐረግ ይደጉስበታል።

ወደ ውስጥ የታጠፈው ቆዳ አራቱንም ጠርዝ ሲሸፍን መካከሉ ላይ ባዶ እንጨት ይቀራል። አራት ማዕዘን መስኮት ይመስላል። እራፊው የሚገባው እዚህ ነው። ደጓሹ መስኮቱን ለክቶ ቁራጩን ይቆርጥና ያለብሰዋል። ሥራው ሦስት ነው። የቆዳውን ጠርዝና ባዶውን እንጨት ይሸፍናል። የመጀመሪያውን ቅጠል ከእንጨቱ ሻካራነት ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ መጽሐፉ ሲገለጥ የመጀመሪያው ዕይታ እንጨት ሳይሆን ግምጃ እንዲሆን ያደርጋል። በአንዳንዱ መጽሐፍ እንዲያውም ገበታው ውስጥ ትንሽ መስታወት ይገኛል።

የደጓሽና የጸሐፊ ሥራ በዚህ አያበቃም። በሥዕል ላይ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ስስ ጨርቅ ከቅጠሉ ራስጌ ይሰፋል፤ አንባቢው ገልጦ ሥዕሉን ያያል፤ መልሶም ይሸፍነዋል። በቅጠሉ ዳር ላይ ባለቀለም ክር ይሰካል፤ የሚፈለገውን ምንባብ ፈጥኖ ለማግኘት ነው። ብራናው ሲዘጋጅ የተቀደደበት ቦታ በክር ይጠገናል፤ ጥገናው በቀለማም ክር ሆኖ እንደ ጌጥ የሚታይበትም ጊዜ አለ። ብዙው መጽሐፍ ደግሞ ከውጭ የጨርቅ ልብስ ይሰፋለታል። አንድን ዳዊት በጥሞና ያገላበጠ ሰው አንድ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ያየ ያህል ነው።

ይህ የቁጠባ ጥበብ በደጓሾች ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ሸማኔዎቻችን አንድ ደስ የሚል ነገር መዝግቧል። የፈለጉትን ሰማያዊ ቀለም እዚሁ ማቅለም ስላልቻሉ ከሕንዱ ሱራት የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ክሩን እየተረተሩ ያወጡና በራሳቸው ሸማ ጠርዝ ላይ መልሰው ይሸምኑት ነበር። ነገሩን እስቲ እናስበው። ሕንዳዊው ሸማኔ ክሩን አንድ ጊዜ ሸመነው። የእኛው ሸማኔ ፈታው። ከዚያም ማግ አድርጎ እንደገና ሸመነው። ነጩ ሸማ ዳር ላይ የምናየውና የኛነታችን መለያ አድርገን የምንኮራበት ጥበብ፣ አንዳንዱ ክሩ ሁለት ጊዜ የተሸመነ፣ ሁለት አገር ያየ ክር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። መጽሐፉ ይሳማል፤ ግምጃው ይከበራል፤ የሠሩት እጆች ግን ይሰደቡ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ነው የኖረው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር እስከማዘዝ የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ስሙን ጠቅሶ «ጸልዩልኝ» ይላል። ያስጻፈውም ሰው ስሙ ይጻፋል። የደጓሹ ስም ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ሸማኔውና ቆዳ አልፊውማ ጨርሶ አይነሡም። እነሱ የተዉልን ፊርማ ቢኖር ጨርቁና ቆዳው ብቻ ነው።

እራፊ እንዴት ይነበባል?

ቁራጭ ጨርቅ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ለመረዳት ወደ ጎረቤታችን ግብፅ ብቅ ማለት ይጠቅማል። ከአሮጌው ካይሮ፣ ከፉስጣጥ ቆሻሻ ክምርና ከሌሎች የግብፅ ሥፍራዎች የወጡ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የሕንድ ኅትመት ጨርቅ ቁራጮች በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛሉ። ሩት ባርንስ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ዝርዝራቸውን አሳትመዋል። በካርቦን ተመርምረው አንዳንዶቹ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው መሆኑ ታውቋል። የሕንድ አየር እርጥበት ያለው በመሆኑ በዚያ ዘመን የተሠራ ጥጥ በአገሩ ብዙም አልተረፈም። ስለዚህ የሕንድን የጥጥ ታሪክ ለመጻፍ የግብፅን ቆሻሻ መጫር ግድ ሆነ። የእኛ እራፊ ከዚህ ይሻላል። በቆሻሻ ውስጥ አልተገኘም፤ በሁለት ገበታ መካከል ከብርሃንና ከአቧራ ተጠብቆ ነው የኖረው።

የሚያነብበው ባለሙያ ከምን ይጀምራል? በመጀመሪያ ክሩን ያያል። ክር ሲፈተል ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይጠመዘዛል። በሕንድ የተፈተለ ጥጥ በአብዛኛው ወደ አንዱ ወገን፣ በግብፅ የተፈተለው ደግሞ በአብዛኛው ወደ ሌላው ወገን የተጠመዘዘ ነው። ቀጥሎ አሸማመኑን ያያል፤ ተራ ድርና ማግ ነው? ከፋይ ነው? ወርቀ ዘቦ ገብቶበታል? ከዚያ ወደ ቀለሙ ይሄዳል። በሜክሲኮ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚገኘው ኮቺኒል የሚባለው ቀይ ቀለም በአንድ ጨርቅ ላይ ከተገኘ፣ ያ ጨርቅ ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1521 ሜክሲኮን ከመያዛቸው በፊት በዚህኛው የዓለም ክፍል ሊቀለም አይችልም። ዊሊያም ፐርኪን የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀለም የተቀለመ እራፊ ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በፊት ኢትዮጵያ ደረሰ ብሎ መከራከር አይቻልም።

እርግጥ ነው አንድ ወጥመድ አለ። የጨርቁ ዕድሜ የመጽሐፉ ዕድሜ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ገበታው ሲሰበር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና ይደጎሳል፤ የማንቸስተር ቺትም ይለብሳል። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ የተጻፈ መጽሐፍ ከአያት ካባ የተቆረጠ የመቶ ዓመት ግምጃ ሊለብስ ይችላል። ይህ ለቸኮለ ሰው እንቅፋት ነው፤ ለታጋሽ ሰው ግን ተጨማሪ ታሪክ ነው። መጽሐፉ መቼ ታመመ፣ መቼ ታከመ፣ ያከመው ሰው ዘንድ በዚያ ጊዜ ምን ዓይነት ጨርቅ ይገኝ ነበር የሚለውን ይነግረዋል።

በዚህ መስክ ከደከሙት መካከል የቶሮንቶው የታሪክ ሊቅ ማይክል ጀርቨርስ ይጠቀሳሉ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ ኢትዮጵያ ስላስገቧቸው የከበሩ ጨርቆችና በጥበባችን ላይ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ጽፈዋል። እውነትም የጎንደር ዘመን ሥዕሎችን ልብ ብሎ ላየ ሰው የእመቤታችን ልብስ ላይ የተሣለው አበባ ከሠዓሊው ምናብ ብቻ የመጣ አይመስልም። ሠዓሊው በዓይኑ ያየው ጨርቅ ነበረ። የዚያ ጨርቅ ወንድም ምናልባት በአንድ ገበታ ውስጥ ተሸሽጎ ይሆናል።

ዝርዝሩ የዘለለው

ታዲያ ይህን መዝገብ ለምን አላነበብነውም? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ስለ መጽሐፍ ያለን ግንዛቤ ነው። መጽሐፍ ስንል ቃሉን እንጂ ዕቃውን አናስብም። አብዛኞቹ የቀድሞ የብራና ዝርዝሮች የመጽሐፉን ርእስ፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የባለቤቱን ስም በጥንቃቄ ይሰጣሉ። ስለ ድጉሱ ሲደርሱ ግን «የእንጨት ገበታ፣ ቆዳ የለበሰ» ብለው ያልፋሉ። ጨርቅ ካለ ጨርቅ አለ ይባላል፤ ከሌለም የለም ይባላል። በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ለአገር ትልቅ ውለታ የዋለ ነው። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተዋል፤ እነ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዝርዝሩን አዘጋጅተዋል። ፎቶ ከተነሡት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ቃላቸው የተረፈው በዚያ ፊልም ነው። ይሁንና ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዓላማውም ጽሑፉን ማዳን ነበር። ቀዩ ግምጃና ሰማያዊው ቺት እዚያ ላይ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት በቀለም የሚነሡ የዲጂታል ሥራዎች፣ ለምሳሌ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በትግራይ ያካሄደው ምዝገባ፣ ገበታውንና ድጉሱን ጭምር መመልከት ጀምረዋል። ጅምሩ ጥሩ ነው።

በሌላ በኩል ጨርቁ ከነመጽሐፉ የተሰደደበትም ታሪክ አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የተዘረፉት መጻሕፍት ደላንታ ሜዳ ላይ ከሌላው ዕቃ ጋር ለጨረታ ቀረቡ። 350 ያህሉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የአፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ ነበሩና በውስጣቸው ያለው እራፊም የጎንደር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነትም አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ንብረታቸው ተዘርፏል፤ ብራናዎችም በውጭ ገበያ ለሽያጭ ሲቀርቡ ታይተዋል። ብራና የሚቸረችር ነጋዴ የሚፈልገው ሥዕል ያለበትን ቅጠል ነው። ገበታውን ሰብሮ ቅጠሉን ይሸጣል። እራፊው ከገበታው ጋር የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

ይለወጥ ወይስ ይቆይ?

ጥፋት ሁሉ ግን ከዘራፊ አይመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደጓሽ አሉ። መርፌያቸው፣ ወስፌያቸው፣ የመደጎሻ ብረታቸውና የከሰል ምድጃቸው ሁሉም ከእጃቸው ርቀት ውስጥ ናቸው። ከጎናቸው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ እራፊ አለ። የልብስ ሰፊዎች ትራፊ፣ ከሽሮ ሜዳ የመጣ የጥበብ ብጣሽ፣ ከተቀደደ የክብረ በዓል ጥላ የተረፈ ከፋይ ይታየኛል። ከማዳበሪያው የሚወጣ ነገር ሁሉ ቦታ ያገኛል። ትልቁ ለመጽሐፍ ልብስ፣ መካከለኛው ለገበታ፣ ትንሹ ለሥዕል መጋረጃ፣ ክሩ ለምልክት።

ያን ቀን ጉልበታቸው ላይ የነበረው ቤተሰብ ያመጣው ዳዊት ነው። የኋላ ገበታው ተሰንጥቋል። የውስጡ ጨርቅ ደብዛዛ ሰማያዊ ሲሆን ትንንሽ ነጭ አበባ ታትሞበታል። ባለቤቶቹ አዲስና የሚያብረቀርቅ እንዲገባላቸው ጠይቀዋል።

«የኔታ፣ አሮጌውን ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«ጤነኛውን ቆርጬ አስቀምጠዋለሁ፤ ለሌላ ዳዊት ይሆናል። የቀረውን አቃጥለዋለሁ። መጽሐፍ የለበሰው ጨርቅ አይረገጥም።»

«እንዳለ ቢተዉትስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ጨርቅ የገባው መጽሐፉን ሊጠብቅ ነው። ካልቻለ ይወጣል፤ የሚችል ይገባል። ከእኔ በፊት የነበሩትስ እንዲህ ባያደርጉ ዳዊቱ ለእኔ ይደርስ ነበር?»

ይህን መልስ ብዙ አስቤበታለሁ። የሚረታ ነገር የለውም። እኛ ዛሬ የምናደንቀው እራፊ ገበታው ውስጥ የገባው የድሮ ደጓሽ አሮጌ ካባ ስለ ቆረጠ ነው። ያ ሰው እንደ ሙዚየም ሠራተኛ አስቦ ቢሆን ኖሮ ካባው ሳይነካ ይቀመጥና ብል ይበላው ነበር። የእራፊ ጥበብ መቁረጥን፣ ማንሣትንና መለወጥን ይጠይቃል። ልማዱን አስቁሞ ውጤቱን ብቻ ማቆየት አይቻልም።

በአዲሱ ጨርቅ ላይም ቅሬታ የለኝም። ፖሊስተር ነው፤ ከቻይና ነው፤ ያብረቀርቃል። ታዲያ የጉጅራቱ ሐርስ በዘመኑ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አልነበረም? ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ገበታውን ገልጦ ፖሊስተሩን ሲያይ የእኛን ዘመን ንግድ ያነብበዋል። እንኳንም አገኘው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የድሮው ለውጥ አዝጋሚ ነበር። አንድ ገበታ በመቶ ዓመት አንዴ ቢታደስ ነው። ደጓሹ በየደብሩ አለ፤ የተነሣው ቁራጭም እዚያው ደብር ወደ ሌላ መጽሐፍ ይሸጋገራል። ዛሬ ደጓሹ እያነሰ ነው። አዲስ ጨርቅ እጅግ ርካሽ ሆኗል። በዚህ የተነሳ ገበታው ሳይሰበር፣ ጨርቁም ሳይበሰብስ፣ «ደብዝዟልና ይቀየር» ይባላል። የተነሣው ቁራጭ ከየት መጽሐፍ እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ከመጽሐፉ የተለየ እራፊ አንደበቱን ያጣል፤ የሚናገረው ከቦታው ጋር ሲሆን ነውና።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጨርቁ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ስልክ ፎቶ ይነሣ። መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም አንድ ሳንቲም ይቀመጥ። የተነሣው ቁራጭ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ የመጽሐፉ ስምና ቀኑ ይጻፍበት፤ ከመጽሐፉም ጋር ይቀመጥ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ ብዙ ይላል። ይሁንና ማንም አዋጅ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መቀስ የያዘን እጅ ሊከታተል አይችልም። እዚያ ውስጥ የሚያስፈልገው ደጓሹ ራሱ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ እንዲያውቅ፣ አሠሪውም እንዲያከብርለት ነው።

ይህንኑ ለአዛውንቱ ደጓሽ ነግሬያቸው ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሰማያዊውን እራፊ በጣታቸው ዳሰሱት። «ማኅደሩ ውስጥ ቦታ አለ፤ እዚያ ይግባ» አሉ። ለእሳቸው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። በእርግጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ እራፊ ሲያከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

አንባቢዬ፣ በየቤቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አንድ ዳዊት፣ አንድ ውዳሴ ማርያም አይጠፋም። እርስዎም ዘንድ ካለ ዛሬ ሽፋኑን ብቻ ገለጥ ያድርጉት። ከውስጥ የተለጠፈ ቁራጭ ጨርቅ ካገኙ በብርሃን ይመልከቱት። ቀለሙን፣ አበባውንና ክሩን ይዩት፤ ለልጆችዎም ያሳዩዋቸው። ከየት አገር እንደመጣ ወዲያው ላያውቁ ይችላሉ። ያም ሆኖ አይንቀሉት። አርጅቶ መለወጡ ግድ የሆነ እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፎቶ ያንሡት።